ፋርማሲስቷ ያንጎራጎረችው ዜማ

ጊታር የሚጫወት ሰው ዕድለኛ ነው። የጊታሩ አንገት ላይ የብረት መስመር ተሰምሮለታል፤ ጣቱን እዚያ ጣል ማድረግ ብቻ ነው። ቫዮሊን ግን ባዶ እንጨት ነው። ድምፁ የት እንዳለ የሚነግርህ አንድም ምልክት የለም። ጣትህን ታሳርፋለህ፣ ትጠረጥራለህ፣ ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች ትላለህ። እኔ እንግዲህ ከልጅነቴ ጀምሮ የገዛ ጣቶቼን ስጠረጥር ነው ያደግሁት። ጣቷን የማታምን ሴት ወንድ ታምናለች ብሎ የሚጠብቅ ካለ የራሱ ጉዳይ ነው።

"አንቺ እኮ ሰው ደኅና ዋልሽ ቢልሽ ምን ፈልጎ ነው የምትዪ ነሽ" ትለኛለች ቼሎዋ። ቼሎዋ የምላት ጓደኛዬን ነው፤ ሠርግ ላይ አራት ሆነን ስንጫወት ቼሎዋን፣ ያን ግዙፉን ቫዮሊን፣ አቅፋ ከጎኔ የምትቀመጠው፣ ቤትም አብረን የተከራየነው። እውነቷን ነው። ግን ምን ላድርግ? ደኅና ዋልሽ የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ የእውነት የሆነ ነገር ፈልገው ነው። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ እጫወታለሁ። ከሰኞ እስከ ዐርብ ቤቴ ለሚመጡ ተማሪዎች፣ ለየእጃቸው የሚስማማ መልመጃ እየፈጠርኩ አስተምራለሁ። በመሐል ለሳሙና ማስታወቂያ ዜማ እሠራለሁ። ቀጣሪ የለኝም፤ ስለዚህ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ቀጣሪዬ ነው። "አንድ ዘፈን ብቻ ጨምሪልን" የሚል ሙሽራ፣ "ሳሙናው ትንሽ ደስ ደስ ይበለው" የሚል ነጋዴ፣ "ለልጄ ልደት ብቅ በዪና አንድ ሁለቴ ሳብ ሳብ አድርጊልን" የሚል ዘመድ። ቫዮሊን እኮ ላስቲክ አይደለም!

እንዲህ ስባክን ነው መሐንዲሱ የመጣው።

መሐንዲሱ ሥራው ድልድይ ነው። ያገኘሁት ግን እናቱ አዳራሽ ውስጥ ነው። እናቱን ከተማው ውስጥ ያለ ሙዚቀኛ ሁሉ "እትዬ" ይላቸዋል። ትልቁ የሠርግ አዳራሽ የእሳቸው ስለሆነ፣ እትዬ የጠሉት ሙዚቀኛ ቅዳሜውን ቤቱ ተኝቶ ያሳልፋል። አንድ ቀን በምሳና በኬክ መሐል የኋላው ደረጃ ላይ ተቀምጬ የተበጠሰ ክር ስቀይር፣ አንድ ሰው አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ በስልኩ አበራልኝ።

"ሲበጠስ ያማል?" አለኝ።

"ማንን? ክሩን ነው እኔን?"

ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ሁሉ ነው የሚስቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እናቱ አዳራሽ ውስጥ አንድም ሥራ ያልነበረው ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ በዛበት። አንዴ የጣሪያውን ምሰሶ ያያል፣ አንዴ መብራቱን ይቆጥራል፣ ዓይኑ ግን ከእኔ ቀስት ጋር ይሄዳል ይመጣል። እትዬ ይህን ሳያዩ አልቀሩም። አጨዋወቴን ይወዱታል፤ እኔን ግን ከመድረክ ወርጄ ማየት አይወዱም። አንድ ቀን ልጃቸው ቦርሳዬን ተሸክሞልኝ በሙዚቀኞች በር ስንወጣ ፊት ለፊት ገጠምናቸው። "ለሙዚቀኞቹ መኪና ተጠርቶላቸዋል" አሉ። ያሉት ለእሱ ነው፣ ያዩት ግን እኔን ነው። ያን ቀን ቤቴ እስክደርስ ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ።

ለልደቱ ዜማ ሠራሁለት። አጭር ናት። ከታች ትነሣና ቀስ እያለች ትወጣለች፣ አናቷ ላይ ስትደርስ አንዴ ቆም ብላ ታያለች፣ ከዚያ ትወርዳለች። ቼሎዋ በሌለችበት ቤቴ ጠርቼ ለብቻው ተጫወትኩለት። መሐንዲሱ ለዜማ ጆሮ የለውም፤ ደስ ሲለው የሚያንጎራጉረው ነገር ሁሉ ዝቅ ዝቅ ስለሚል ሲጀምር ጆሮዬን እይዛለሁ። ያን ቀን ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ይህን ሌላ ሰው ሰምቶታል?" አለኝ።

"ማንም አልሰማውም።"

"በሞቴ፣ ማንም አይስማው። የእኔ ይሁን።"

ላግባሽ ያለኝም ያን ቀን ነው። መሥሪያ ቤቱ ሩቅ አገር ለሁለት ዓመት ድልድይ እንዲሠራ ሊልከው ይፈልጋል። "እሺ ካልሽኝ አልሄድም እላቸዋለሁ" አለ። "እስከ ወሩ መጨረሻ አስቢበት።"

"እናትህስ?"

"እናቴን ለእኔ ተዪልኝ።"

እንደዚህ ቀላል አድርጎ ሲናገር ደግሞ ጥርጣሬዬ ይነሣል። እናት እንደ ሻንጣ ለአንድ ሰው የሚተው ነገር ነው እንዴ?

ወሬውን ያመጣችው ቼሎዋ ናት። እትዬ ለልጃቸው ሴት አስበዋል አሉ። የቆየች ወዳጃቸው ልጅ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ የራሷን መድኃኒት ቤት የከፈተች ፋርማሲስት፣ የሚያምር ዓይን ያላት። አንዴም አዳራሹ ድረስ አምጥተው ለአስተናጋጆቹ "የቤት ልጅ ናት" ብለው አስተዋውቀዋታል። እዚያው ነገሩ ውስጤ ገብቶ ተቀመጠ። ምክንያቱም መሐንዲሱ ሐሙስ ሐሙስ አይገኝም። "እናቴን ግፊቷን ላስለካ ፋርማሲ እወስዳታለሁ" ብሎ ራሱ ነግሮኛል። ሲነግረኝ ምንም አላሰብኩም ነበር። አሁን ግን ሐሙስ ዕለት የሚለብሰው ሸሚዝ ትዝ አለኝ። የእናት ግፊት ለማስለካት ሸሚዝ መተኮስ ምን አመጣው?

"እሱን ጠይቂዋ!" አለች ቼሎዋ።

"እጠይቃለሁ" አልኩ። አልጠየቅሁም። በማግስቱ ተነሥቼ ፋርማሲዋ ሄድኩ።

ሰበብ አላጣሁም። ቫዮሊን ተጫዋች ሁሉ ከግራ መንጋጋዋ ሥር የጠቆረ ምልክት አላት፤ እንጨቱ ሲፋተግ እየዋለ የሚያመጣው ነው። ሰሞኑን ሠርግ በዝቶ የእኔ ቀልቶ ነበር። ፋርማሲዋ ጠባብ ናት፣ ንጹሕ፤ ጠርሙሶቹ በየቁመታቸው ተሰልፈዋል። ልጅቷ ነጭ ገዋን ለብሳ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማለች። ዓይኗ የተባለለትን ያህል ነው። ምነው ባልሆነ!

"ምን ልታዘዝ?"

"አንገቴ ላይ ትንሽ ቆስሎ... ቅባት ቢጤ።"

ሸሚዜን ገለጥ አድርጌ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየችና ከንፈሯን ነክሳ ፈገግ አለች።

"እህቴ፣ ለዚህ እንኳ ቅባት የለኝም። ባለቤቱን ምከሪው።"

ፊቴ ፍም መሰለ። "ቫዮሊን ነው!"

"አሁን ደግሞ ቫዮሊን ይሉታል?" ብላ ከት ብላ ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው፤ ክፋት የላትም። ልጠላት ሄጄ ልወዳት ምንም አልቀረኝም። "በዪ ይሁን፣ ስለ ቫዮሊኑ ስንል እንፈልግ" አለችና በርጩማ ላይ ወጥታ የላይኛውን መደርደሪያ ታስስ ጀመር።

እያሰሰችም ታንጎራጉር ጀመር።

መጀመሪያ አልሰማሁትም፤ ሰው ሥራ ላይ ሆኖ እንደሚያደርገው ነው። ከዚያ ጆሮዬን አቀናሁ። ከታች ተነሣች። ቀስ እያለች ወጣች። የእኔ ዜማ ናት! ለእሱ የሠራኋት፣ ከእሱ በቀር የአዳም ዘር ያልሰማት። አናቷ ላይ ስትደርስ ግን ያቺን ከፍተኛዋን ኖታ በፀጉር ያህል ዝቅ አደረገቻት፣ ትንፋሽ ወሰደች፣ እንደገና አነሣቻት፣ ወረደች። ይህቺ የእሱ ጆሮ ናት። እሱ አንጎራጉሮላት ካልሆነ እንዲህ የምትበላሸው እንዴት ተደርጎ ነው?

"ይቺ ዜማ..." አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። "የማን ናት?"

"የቷ?" ወደ ኋላ ዞረች። "ውይ፣ እያንጎራጎርኩ ነበር? ሰሞኑን አፌ ላይ ተለጥፋ እምቢ አለችኝ እኮ! አንድ ሰው ነው ሳልወድ በግዴ ያስለመደኝ።"

"ማን?"

"ብነግርሽ አታምኚኝም" አለችና ብቻዋን ሳቀች።

ሌላ ደንበኛ ገባ። እሷ ወደዚያ ስትዞር እኔ ቅባቱንም ሳልይዝ ወጣሁ። የት እንደምሄድ ሳላውቅ ብዙ ሄድኩ። ልደቱ ላይ "የእኔ ይሁን" ያለኝ ድምፁ እየተከተለኝ፣ ሰው መሐል እንዳላለቅስ ጥርሴን ነክሼ።

ቅዳሜ ሠርግ ነበረን። መሐንዲሱ የኋላው ደረጃ ላይ ጠበቀኝ፤ ሸሚዙ ተተኩሷል።

"ዛሬ መልሴን ትሰጪኛለሽ?" አለኝ፣ ልጅ እያስመሰለው።

የምለውን ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ ተለማምጄው ነበር። ፋርማሲስቷን፣ ዜማዋን፣ ዝቅ ያለችውን ኖታ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ። ፊቱን ሳይ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ስጠይቅ፣ እሱ አሳማኝ ነገር ሲነግረኝ፣ እኔም ሳምነው፤ ከዚያ ወር ቆይቶ እውነቱን ከሰው ስሰማ። ይህን አልችልም አልኩ በልቤ።

"ሂድ" አልኩት።

"ወዴት?"

"ወደ ድልድይህ።"

"እናቴ ምን አለችሽ?"

"እናትህ ምንም አላሉኝም።"

"እና ምንድን ነው? ምን አጠፋሁ? ንገሪኝ በናትሽ።"

"አንተ ታውቀዋለህ።"

ይህን ቃል የፈጠረ ሰው እርግማን ይገባዋል። ምንም ላልሠራ ሰው ስትለው በምን ይከላከላል? የሠራውም ያልሠራውም ሰው መልሱ አንድ ነው። "አላውቅም" አለኝ። እኔም "አየህ፣ አሁንም ትዋሻለህ" ብዬ በልቤ ፈረድኩበት። ከውስጥ ድምፅ ልናስተካክል ነው ብለው ጠሩኝ፤ ገባሁ። ያን ቀን እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም። ሙሽራዋ አለቀሰች፣ ሚዜዎቹም አለቀሱ፤ ደስታ መስሏቸው።

ከዚያ ስልኬ ላይ "ምን አጠፋሁ?" የሚል መልእክት መጣ። አልመለስኩም። ነጋ፣ ያው መልእክት እንደገና መጣ። አልመለስኩም። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ ሌላ መጣ፦ "ፈረምኩ። ቅዳሜ ጠዋት እሄዳለሁ።" ቼሎዋ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ አነበበችና ጮኸችብኝ።

"አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቂው፣ አንቺ ልበ ደረቅ!"

"ጠይቄው ቢዋሸኝስ?"

"ቢዋሽሽ አሁን ካለሽበት በምን ይብሳል?"

ማድ ቤት ገብቼ ሳህን ያጠብኩ መስዬ አለቀስኩ።

ዐርብ ጠዋት ዳኛው ለትምህርት መጡ። ዳኛው ጡረታ ከወጡ በኋላ ቫዮሊን የጀመሩ ተማሪዬ ናቸው። "ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ሲናገር ስሰማ ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ እኔ ልናገር" ብለው ነው የመጡት። ሌላው ጣታቸው ደኅና ነው፤ ትንሿ ጣታቸው ግን በወጣትነታቸው የመኪና በር ቀርጥፏት ደርቃለች፤ ተዘርግታ የሚፈለግባት ቦታ አትደርስም። ብርድ መትቷቸው ለሦስት ሳምንት ቀርተው ነበር። እኔ ፊቴ አብጧል፣ ትምህርቱን ልሰርዝ አስቤ ነበር፣ እሳቸው ግን ያን ያህል መንገድ መጥተው እንዴት ብዬ ልመልሳቸው?

"መምህርት፣ ታምሜ ቀረሁ እንጂ አልሰነፍኩም" አሉ ቫዮሊናቸውን እያወጡ። "ለትንሿ ጣቴ የሰጠሽኝን መልመጃ ቀኑን ሙሉ ስሠራ ነው የከረምኩት። ቀስ ብለው፣ ቆራርጠው ብለሽኝ ነበር። ሰለቸኝና አያያዝኩት፤ አፈጠንኩትም። ስትሰሚው ትገረሚያለሽ፣ እንደ ዘፈን ሆኗል!"

ቀስታቸውን አነሡ።

ከታች ተነሣች። ቀስ እያለች ወጣች። አናቷ ላይ ያቺ የደረቀች ጣት ተንጠራርታ ሳትደርስ ቀረች፤ ኖታዋ በፀጉር ያህል ዝቅ አለች። እዚያው ላይ የቀስታቸው ርዝመት አለቀባቸውና ቆም ብለው ቀስቱን መለሱት፣ እንደገና አነሡአት፣ ወረዱ።

"ይቁም! ይቁም!" ብዬ ጮህኩ።

"ምነው? ዝቅ አለች አይደል? ይቺ ጣት እኮ..."

"ማን ሰጠዎት ይህን?"

"ማን ይስጠኝ? አንቺ ነሻ!"

እኔ ነኝ። ወይ ጉዴ! መሐንዲሱ ላግባሽ ባለኝ ማግስት ጠዋት ነው ዳኛው የመጡት። በደስታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ነበር። ለዚያች ጣት የምትወጣና የምትንጠራራ ነገር ያስፈልጋል ብዬ እንደ ልማዴ እዚያው ፈጥሬ ሰጠኋቸው፤ ፈጠርኩ መስሎኝ። እጄ ውስጡ ያለውን ነው ያወጣው። ቆራርጬ፣ አዝግሜ ስለሰጠሁ ራሴም አላወቅኋትም።

"ዳኛ፣ የት ነው የሚኖሩት?" አልኩ።

"ምነው፣ ልትከሺኝ ነው? ከሆስፒታሉ ጀርባ ነዋ፣ ከፋርማሲዋ በላይ። ያቺ ምስኪን ልጅ መጀመሪያ ላይ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን ትደበድብብኝ ነበር። አሁን ተስፋ ቆርጣለች። ሽሮፕ ልገዛ ስወርድ እሷው ራሷ ስታንጎራጉረው አገኘኋት! 'በግድ አስለመዱኝ እኮ' አትለኝም?"

ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። በጣም የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? ዝቅ ያለችውን ኖታ ሰምቻታለሁ። ጆሮ የሌለው ሰው ዜማውን በሙሉ ነው የሚያበላሸው፤ መሐንዲሱ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያዋ ጀምሮ አንዷንም በቦታዋ አያገኛትም። ፋርማሲስቷ ያበላሸችው አንዷን ብቻ ነበር፣ ትንሿ ጣት የምታርፍባትን። የማስተምረው ይህንኑ ነው፣ በየቀኑ የምሰማው ይህንኑ ነው። መፍረድ ስፈልግ ግን የሰማሁትን ሳይሆን የፈራሁትን ሰማሁ።

ሁሉንም ለዳኛው ነገርኳቸው፣ እያለቀስኩ፣ መሐረቤ ስላልበቃኝ የቫዮሊን መጥረጊያዬን ጭምር እያረጠብኩ። ቫዮሊናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

"ልጁ ምን እንዳጠፋ ተነግሮታል?" አሉ።

"አልተነገረውም።"

"ቃሉን ሰጥቷል?"

"አልጠየቅሁትም።"

"ወይ ልጄ" አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "ስንት ሌባ ፊቴ ቆሟል፤ አንዱንም ምን እንደ ሰረቀ ሳልነግረው አልፈረድኩበትም። ተነሺ። የእኔ ጣት የትም አትሄድም፣ እሱ ነው የሚሄደው።"

የእትዬን በር አንኳኩቼ አላውቅም። በዚያ በር ፊት ለፊት በታክሲ ሳልፍ እንኳ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነበር የማየው። ደወሉን ስጫን ሠራተኛ ይከፍታል ብዬ ስጠብቅ ራሳቸው እትዬ ከፈቱ። ነጠላ ጫማ አድርገዋል፣ ያለ ጌጥ ናቸው፤ አዳራሹ ውስጥ ከማውቃቸው አጥረው ታዩኝ።

"አንቺ ነሽ" አሉ። "ልጄን ምን ብለሽ ነው እንዲህ ያደረግሽው? እህል አይቀምስ፣ ሰው አያናግር። ሌላ ሰው አለሽ አይደል?"

"የለኝም እትዬ። ሌላ ያለችው ለእሱ መስሎኝ ነው።"

"ማን?"

"ፋርማሲስቷ።"

"እኔማ እሷን አግባ ብዬው ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "እምቢ አለኝ እንጂ። አንቺ ስታባርሪው ደግሞ፣ እኔ አስፈራርቼሽ መስሎት ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። በገዛ ልጄ ተጠረጠርኩ።" ትንሽ አዩኝ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። "ግቢ። ላይ ነው።"

መሐንዲሱ አልጋው ላይ ሻንጣ ከፍቶ ሸሚዝ ያጥፋል። ሲያየኝ አልተነሣም። በሩ ላይ እንደቆምኩ ነገርኩት፤ የፋርማሲዋን በርጩማ፣ ሳቋን፣ ዜማዋን፣ የዳኛውን ጣት። እትዬ ከኋላዬ ኮሪደሩ ላይ መሆናቸውን እያወቅሁ ምንም አላስቀረሁም። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀም።

"ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሴን ስመረምር ነው የከረምኩት" አለ። "የሠራሁትን ድልድይ እንኳ እንዲህ መርምሬው አላውቅም። የቱ ጋ ነው የተሰነጠቀው፣ ምን ብያት ነው፣ ምን ረስቼ ነው እያልኩ። እናቴን ጠላሁ። አንቺ ግን ታውቂው ነበር። አንድ ቃል ብትነግሪኝ የሚያልቅ ነገር ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ዜማሽን ወስጄ ለሌላ ሴት ያንጎራጎርኩ መሰለሽ።"

"መሰለኝ።"

"እኔ ያን ዜማ ለራሴም አንጎራጉሬው አላውቅም" አለ። ድምፁ ተሰበረ። "ብቻዬን መኪና ውስጥ ሆኜ እንኳ። አፌ ላይ ሲመጣ ዝም እላለሁ፣ እንዳላበላሸው ፈርቼ።"

ይህን ከሚለኝ በቢላ ቢወጋኝ ይሻለኝ ነበር። ሄጄ እግሩ ሥር ልደፋ ቃጣኝ፤ ግን የእኔ ለቅሶ አሁን ለእሱ ምን ያደርግለታል?

"ያን የላግባሽ ጥያቄዬን ትቼዋለሁ" አለ ሸሚዙን እያየ። "እምቢ ብለሽኛል፣ አልቋል።"

"እንግዲያው እኔ ልጠይቅህ" አልኩ። "አግባኝ።"

ቀና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ሰው የማይበትን ዓይን በእሱ ፊት ላይ አየሁት። እየጠረጠረኝ ነው።

"ስለጸጸተሽ ነው?"

"ጸጽቶኛል። ግን ለእሱ አይደለም። ስለምወድህ ነው፣ ሳምንህም ሳላምንህም ስወድህ ስለነበር ነው።"

"እኔ እሄዳለሁ። ፈርሜያለሁ፣ መመለስ የለም። ሁለት ዓመት ነው። እዚያ ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ደውለሽ ያላነሣሁ ቀን ምን ልታስቢ ነው?"

እምነቴ ሙሉ ነው፣ ምንም አላስብም፣ ልለው ፈልጌ ነበር። ውሸት ሆነብኝ።

"ክፉ ክፉውን አስባለሁ" አልኩት። "ጠባዬ ነው፣ በአንድ ቀን አይለቀኝም። ፋርማሲስት ባይኖር ነርስ አገኝልሃለሁ። ግን ያሰብኩትን ሁሉ እነግርሃለሁ፣ የሚያሳፍረውንም፣ የሚያስቀውንም። ዳግመኛ 'አንተ ታውቀዋለህ' አልልህም። ከዚህ ሌላ ልሰጥህ የምችለው የለኝም።"

ያጠፈውን ሸሚዝ ዘረጋው፣ መልሶ አጠፈው። እኔ በሩ ላይ ነኝ፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። እሺ ይለኛል ወይ እምቢ? ሰው አፉን ሳይከፍት የሚለውን አውቃለሁ ባይ ነበርኩ፤ አሁን ምንም ምንም አላወቅሁም። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ከኋላዬ እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ኧረ መልስላት፣ ልጄ" አሉ። "ልጅቷ ቆማ ቀረች እኮ።"

መሐንዲሱ እናቱን አየ፣ ረጅም ጊዜ፤ ሁለት ሳምንት ያላያቸውን ያህል።

"እሺ" አለ።

ዓይኑ ግን እሳቸው ላይ ነበር። ድሮ ቢሆን ይህቺን "እሺ" ቤቴ ይዤያት ሄጄ፣ ለማን እንደሆነች ስገለባብጣት ነበር የማድረው።

"ለእኔ ነው ለእሳቸው?" አልኩት፣ እንባዬ አገጬ ላይ እየተንጠባጠበ።

ተነሥቶ መጣ። "ላንቺ" አለኝ።

አመንኩት።